ግማሽ ሰዓት ከአድቫይዘር ጋር፦ ስለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የምክር አገልግሎት

ሰሜን ቨርጂንያ ያለን አበሾች ብዙ ነገር እንጠያየቃለን። ጥሩ መካኒክ፣ ታክስ የሚሠራ ሰው፣ ልጅ የምትይዝ ሴት፣ ርካሽ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ሁሉንም እንጠቋቆማለን። ስለ ኮሌጅ አድቫይዚንግ፣ ማለትም ስለ ኮርስ ምርጫ ምክር፣ ግን ሲወራ ብዙም አልሰማም። አብዛኛው ሰው ኮርስ የሚመርጠው ቀድሞት የገባ ዘመዱን ጠይቆ ነው። ዘመድ ደግሞ የሚነግራችሁ እሱ የወሰደውን ነው። እሱ አካውንቲንግ ነው የተማረው፤ እናንተ ነርሲንግ ነው የምትፈልጉት። ምኑም አይገናኝም። ለዚሁ ሥራ የተቀጠረ ሰው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀ፣ ሰው በወሬ ኮርስ ሲመርጥ ሳይ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የተጠቀምኩበትን አገልግሎት፣ ጥሩውንም መጥፎውንም፣ እነግራችኋለሁ።

እኔ ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲ ኤን ኤ (ረዳት ነርስ) ሆኜ እሠራለሁ። ግቤ አር ኤን፣ ማለትም ሙሉ ነርስ፣ መሆን ነው። ቅሬታም ስላለኝ የኮሌጁን ስም አልጠቅስም። ለነገሩ የቨርጂንያ 23 ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች በአንድ ሥርዓት ሥር ናቸው፤ የኮርስ ቁጥራቸውም አንድ ነው። የምለው ነገር አብዛኛው የእናንተንም ኮሌጅ ይመለከታል።

አድቫይዘር ማግኛው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ዝም ብሎ ሄዶ ወረፋ መያዝ ነው። ኦገስት ላይ፣ ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይሄንን ነው። እኔ አልመክርም። ወረፋው አያልቅም፣ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የሚሰጣችሁ ጊዜ አጭር ነው። ያኔ የሚሠራው ሥራ ክፍት የቀረ ሴክሽን (አንድ ኮርስ በተለያየ ሰዓት ከሚሰጥባቸው ክፍሎች አንዱን) ፈልጎ እናንተን እዚያ ማስገባት ብቻ ነው። ሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ናቪጌት በሚባለው አፕ ሰዓት መርጣችሁ ትይዛላችሁ፣ በአካል ወይም በዙም። ግማሹ ሰዓት ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። ኦገስት ላይ የሚጀምረው የፎል ሴሚስተር ምዝገባ የሚከፈተው ገና የስፕሪንጉ ሴሚስተር ሳያልቅ ስለሆነ፣ ያኔ ቀጠሮ የያዘ ሰው ጥሩ ጥሩው ሰዓት ሳያልቅበት ይደርሳል። ማታ ለሚሠራ ሰው ኮርሱ የሚሰጥበት ሰዓት ከኮርሱ ባልተናነሰ ወሳኝ ነው።

የደረሱኝ አድቫይዘር ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። እንደተቀመጥኩ ምን መውሰድ እንደምፈልግ አልጠየቁኝም። "በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ?" ነበር ያሉኝ። የሥራ ፕሮግራሜን አትሜ ይዤ ስለነበር ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ መደመር ጀመሩ። ኢንግሊሽ 111 ሦስት ክሬዲት፣ ባዮ 141 አራት፣ ሳይኮሎጂ 230 ሦስት፣ ኤስ ዲ ቪ የሚባለው የአዲስ ተማሪ ኮርስ አንድ። ድምሩ 11። ለእያንዳንዱ ክሬዲት ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት፣ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት አሰቡና 33 ሰዓት ጻፉ። ከሥሩ የሥራዬን 40 ሰዓት ጨመሩ። 73 መጣ። ከቁጥሩ ሥር ሁለት ጊዜ አሰመሩና "ላብ ስላለ ከዚህም ይበልጣል። እንቅልፍሽን የት ልታስገቢው ነው?" አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ዘመድ አይጠይቃችሁም። ዘመድ "አይዞሽ፣ ትችያለሽ" ነው የሚለው። እሱም ያስፈልጋል፤ ግን ባዮሎጂ በአይዞሽ አያልፍም።

ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ አየን። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ በቀጥታ ልገባባቸው የነበሩትን የጠዋት ላቦች ሰረዟቸው። ባዮ 141ን በ8 ሳምንት ጨርሼ ቶሎ ወደ 142 ልለፍ የሚል ሐሳብ ነበረኝ። በ16 ሳምንት የሚሰጠው ትምህርት እንዳለ በ8 ሳምንት እንደሚጨመቅ፣ የሳምንቱ ጫናም እጥፍ እንደሚሆን አስረዱኝ። አጥንቱንና ጡንቻውን ሁሉ በስም መያዝ የሚጠይቅ ኮርስ እንቅልፍ ላጣ ሰው በዚያ ፍጥነት አይሆንም አሉ። በምትኩ ኤስ ዲ ቪውን በአጭሩ ክፍለ ጊዜ፣ ባዮሎጂውን በረጅሙ አደረግነው። እኔም ከሥራ አንድ ሽፍት ቀነስኩ። ይህን ምክር በሺ ብር አልለውጠውም።

ሌላም ነገር ወደድኩላቸው። እኔ ሳልጠይቅ የፎሉን ብቻ ሳይሆን የሁለት ዓመቱን መንገድ አሳዩኝ። ኮምፒውተሩን ወደኔ አዙረው፣ የተሟላውና ያልተሟላው ኮርስ የሚታይበትን ገጽ ከላይ እስከ ታች አብረን ወረድንበት። ነርሲንግ ፕሮግራሙ ተወዳድረው የሚገቡበት እንደሆነ፣ ቅድመ ኮርሶቹን መጨረስ ብቻውን ወንበር እንደማያስገኝ በግልጽ ነገሩኝ። ካልገባሁ ክሬዲቶቹ የት የት እንደሚያገለግሉም አብረን አየን። ተስፋ ለመስጠት ብለው እውነቱን አልሸፈኑም። ስለ ጂ ስሪም የሰማሁት ከሳቸው ነው። ቨርጂንያ በ2021 የጀመረችው ፕሮግራም ነው፤ ጤናን ጨምሮ ሰው በሚፈለግባቸው ሙያዎች ለሚማሩ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው የስቴቱ ነዋሪዎች፣ ሌላው እርዳታ ያልሸፈነውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። ስንቱ አበሻ ይህን ሳያውቅ ከኪሱ እየከፈለ ይሆን?

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አድቫይዚንግ ቢሮውና ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው አንድ ሕንጻ ውስጥ ሆነው አይነጋገሩም። ነገሩ እንዲህ ነው። ነርሲንግ በውድድር ስለሆነ፣ እስክትገቡ ድረስ ሲስተሙ የሚያስቀምጣችሁ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ነው። የፌዴራሉ እርዳታ ደግሞ የሚከፍለው አሁን ላላችሁበት ፕሮግራም ለሚቆጠር ኮርስ ብቻ ነው። ካቀድናቸው ኮርሶች ባለ አራት ክሬዲቱ ለነርሲንግ የግድ ነው፤ እኔ በተቀመጥኩበት ፕሮግራም ውስጥ ግን አልነበረም። ይህን አድቫይዚንግ ላይ ማንም አላነሳውም። ከቢሮው ወጥቼ በዚያው ፎቅ ላይ ወዳለው ፋይናንሻል ኤይድ ጎራ ብዬ "እነዚህ ሁሉ ይሸፈናሉ?" ብዬ ስጠይቅ ነው የታወቀው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፔል ግራንት፣ ማለትም ተመልሶ የማይከፈለው የፌዴራል እርዳታ፣ አሁን የሚሰላው ከ12 ክሬዲት ስንቱን እንደያዛችሁ ታይቶ ነው። 11 ክሬዲት ከሆነ 92 በመቶ ይሰጣል። አራቱ አይቆጠሩም ተብሎ 7 ከቀረ 58 በመቶ ነው። የ2025-26 ከፍተኛው ፔል በዓመት 7,395 ዶላር ነው። ሙሉውን ለሚያገኝ ሰው በአንድ ሴሚስተር ብቻ ከ1,200 ዶላር በላይ ይጎድልበታል ማለት ነው። የቤት ኪራይ ለሚከፍልና አገር ቤት ገንዘብ ለሚልክ ሰው ይህ ብዙ ነው። እኔ ተመልሼ አድቫይዘሯን አግኝቼ ኮርሱ የሚቆጠርበት ፕሮግራም ውስጥ አስገቡኝ፤ አንድ ፎርም ብቻ ነው የፈጀው። ሳይጠይቅ የሄደው ግን ቢሉ ሲመጣለት ነው የሚያውቀው። አንድ ተማሪ ገና ኮርስ ሲያቅድ ማስጠንቀቂያው እዚያው ስክሪን ላይ ቢወጣ ምን ነበረበት?

ስለዚህ ለቀጠሮው ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የሥራ ሰዓታችሁን አትማችሁ ያዙ። ከዚህ በፊት የተማራችሁበት ትራንስክሪፕት ካለ ያንንም። ለእያንዳንዱ ኮርስ ከአንድ በላይ ሴክሽን በአምስት ዲጂት ቁጥሩ ጻፉ፤ አንዱ ቢሞላ ሌላው አለ። ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መሻገር ካሰባችሁ የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ ወስኑ፣ ወይም ቢያንስ ሁለት ስም ያዙ። ትራንስፈር ቨርጂንያ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የትኛው ኮርስ የት እንደሚቆጠር ይታያል። እሱን ቤታችሁ ካያችሁት ግማሹ ሰዓት ለዋናው ጥያቄ ይተርፋል። እንግሊዝኛው ሲፈጥንባችሁ ደግሞ ቀስ በሉልኝ ማለት ነውር አይደለም። እኔ የተነገረኝን በኢሜይል እንዲልኩልኝ ጠይቄ ላኩልኝ፤ ቤት ገብቼ በእርጋታ አነበብኩት።

ምዝገባው ራሱ ኦንላይን ነው፤ ያለ አድቫይዘርም ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኮርሱን ቅርጫት ውስጥ መክተት መመዝገብ አይደለም። እስከ መጨረሻው ሄዳችሁ "ኤንሮልድ" የሚለውን ካላያችሁ ወንበሩ የእናንተ አይደለም። ዌይትሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ላይ የገባችሁም ሰዓቱ ከሌላ ኮርሳችሁ ጋር ከተጋጨ ወንበር ቢለቀቅም ሲስተሙ ዘሏችሁ ያልፋል። መልእክት የሚመጣው በኮሌጁ ኢሜይል ነው። ፊት ዴስክ ላይ የሚሠራ አንድ የኛ ልጅ፣ ራሱም ተማሪ፣ ለጠየቀው አበሻ ሁሉ በአማርኛ የሚለው ይህንኑ ነው፦ "እህቴ፣ መጀመሪያ የኮሌጅ ኢሜይልሽን ክፈቺው።" እግዚአብሔር ይስጠው። በብዙ ኮሌጅ የክፍያው ቀን ካለፈ ሲስተሙ ራሱ ያስወጣችኋል። ፋፍሳውን፣ ማለትም የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻውን፣ ቀድሞ መሙላት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ኮርስ መተውን በተመለከተ አድቫይዘሯ ያስረዱኝን ያህል ግልጽ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። መጀመሪያ አካባቢ፣ ቀኑ ሳያልፍ ከተዋችሁት ገንዘባችሁ ይመለሳል፣ ትራንስክሪፕት ላይም አይታይም። ከዚያ በኋላ እስከ ሴሚስተሩ 60 በመቶ ድረስ ብትተዉት ውጤታችሁ ደብልዩ፣ ማለትም "አቋርጧል" የሚል ምልክት፣ ይሆናል። ደብልዩ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) አይነካም፤ ግን "ጀምሮ ያልጨረሰው" ተብሎ ይቆጠራል። እርዳታው እንዲቀጥል ደግሞ ብዙ ኮሌጅ ከጀመራችሁት ክሬዲት 67 በመቶውን እንድታልፉ፣ ጂፒኤውም ከተወሰነ መጠን እንዳይወርድ ይጠይቃል። "ደብልዩ ምንም አይልም" የሚለውን ወሬ አትመኑ።

ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ እናቶችም መጠበቂያው ላይ አይቻለሁ። ልጁ ፈቅዶ ካልፈረመ ኮሌጁ በአብዛኛው ስለ ውጤቱ ለወላጅ አይናገርም፤ ከ1974 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ ነው። እናት ከፍላም፣ ደክማም ቢሆን። ቅር ሊል ይችላል፤ አድቫይዘሩን ግን አትቀየሙት። ልጃችሁን ቤት አነጋግሩትና ፈቃዱን ይፈርም።

አገር ቤት በዲግሪ ተመርቃችሁ እዚህ እንደገና ለመጀመር ያሰባችሁ ደግሞ አድቫይዘር ከመያዛችሁ በፊት ፋይናንሻል ኤይድን አነጋግሩ። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዲግሪው የውጭ አገርም ቢሆን፣ በአብዛኛው ፔል አያገኝም። ፋፍሳው ላይ ዲግሪ የለኝም ብላችሁ አትሙሉ፤ የፈረማችሁበት ሰነድ ነው። ዲግሪያችሁን ግን ደብል ዩ ኢ ኤስን በመሰለ ድርጅት ኮርስ በኮርስ አስገምግሙት፤ ኮሌጁ የሚቀበላችሁ ክሬዲት ከተገኘ ደግማችሁ አትማሩትም፣ አትከፍሉበትም። ትራንስክሪፕቱ ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ ስላለበት ጊዜ ይወስዳል፤ ዛሬውኑ ጀምሩት። በዲቪ አዲስ የገባችሁም ብትሆኑ የስቴት ነዋሪ ተብሎ በቅናሹ ለመክፈል ቨርጂንያ አንድ ዓመት መኖርን ትጠይቃለች። ያለዚያ ክፍያው ከእጥፍ በላይ ነው። ፔሉ ግን ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ዓመት አይጠብቅም።

ለአድቫይዘሮቹ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ለሁለቱ ቢሮዎች ቅንጅት ሁለት። ለሰዓታቸውም ሦስት፤ ቢሮው ከሰዓት በኋላ በ5 ነው የሚዘጋው፣ ማታ ክፍት የሚሆንበት ቀን የለም። ቀን የሚሠራ ሰው ፈቃድ ጠይቆ፣ የሰዓት ደሞዙን ትቶ ነው የሚመጣው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ በሚላከው መጠይቅ ላይ በሳምንት አንድ ማታ እንዲከፍቱ ጽፌያለሁ። እዚያው የምትማሩ ከሆነ መጠይቁ ሲመጣላችሁ እናንተም ጻፉ።