ነጩ ፈሳሽና የደንገጎ እሾህ፦ ስስ ከመነዳሪ ውስጥ ስድስት ወር

ድሬ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጠላቱ እሾህ ነው። ሙቀቱን እንለምደዋለን። እሾህ ግን አይለመድም።

እሑድ እሑድ ገና ሳይነጋ ከሳቢያን ተነስቼ የደንገጎን ዳገት እወጣለሁ። ከአወዳይ የሚወርዱት የጫት መኪኖች ጡሩምባ ሲያሰሙ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ መሸሽ ግድ ነው። እዚያ ደግሞ ለአጥር ከተጫነ የግራር ቅርንጫፍ የረገፈ እሾህ ይጠብቃል። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ የክብሪት እንጨት የሚያህል። የኔ ጎማ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውስጡ ያለው ከመነዳሪ ደግሞ ስስ የሚባለው፣ 75 ግራም ብቻ የሚመዝን። ዳገት ላይ እወደዋለሁ። አምና ግን በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ተነፈሰብኝ። ብስክሌቴን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ተመለስኩ።

የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ቀዳዳ የሚደፍነውን ነጭ ፈሳሽ አስመጣሁት። ላስቲክ ከሚሠራበት ወተት ነው የሚዘጋጀው። አሞኒያ ስላለበት ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ ይሰነፍጣል። አየር ከቀዳዳው ሲወጣ ፈሳሹን ይዞት ይሄዳል፤ ፈሳሹ እዚያው ይረጋና ይደፍነዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ቫልቫችሁን እዩ። የቫልቩ ልብ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ንፋስ የሚይዘው መዝጊያ፣ የሚፈታ መሆን አለበት። ጫፉ ላይ በሁለት ጎን ጠፍጣፋ ከሆነ በትንሽ ፒንሳ ይፈታል። ድፍን ክብ ከሆነ አይፈታም፣ አትድከሙ። እኔ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለእያንዳንዱ ጎማ 25 ሚሊ ሊትር ጨመርኩ። በደንብ በጥብጡት፤ ደፍኖ የሚይዘው ደቃቅ ነገር ታች ይዘቅጣል።

በሦስተኛው እሑድ ከኋላ «ጭስስ» አለ። ጎማው በዞረ ቁጥር ባቴ ላይ ነጭ ጠብታ ይረጫል። ወረድኩ። እሾሁን በጥፍሬ ነቀልኩት፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አዙሬ ቆምኩ። አረፋ ደፈቀ፣ ትንሽ ተንተከተከ፣ ዝም አለ። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ለስልሷል፣ ግን አልተኛም። በእጅ ፓምፕ የንፋሱን ግፊት 70 ፒኤስአይ አድርሼ ዳገቱን ጨረስኩ። አቦ፣ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም! ቁልቁለቱንም በዚያው ጎማ ነው የወረድኩት።

ቤት ደርሼ ወደ 100 ልመልሰው ስል ግን ደፈናው ተፈናጠረ፣ ግድግዳው ነጭ ሆነ። ስስ ጎማ ሲወጠር ቀዳዳውም አብሮ ይወጠራል። ከተደፈነ በኋላ ንፋሱን ዝቅ አድርጎ መንዳት ነው።

ሁሉንም አያድንም። የተሰበረ ጠርሙስ ሲቆርጠው አልቻለም። ጉድጓድ መትቼ ቸርኬው ጎማውን ሲነክሰው፣ ጎን ለጎን የወጡትን ሁለት ስንጥቆችም አልቻለም። መጋላ ያለው ጎሚስታ ያንን ጎማ ከፍቶ ነጩን ሲያይ፣ «አቦ፣ እዚህ ላይማ ማስቲሽ አይዝም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀዳዳው ዙሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈግፍጎ ነው የሚለጠፈው፤ ያም ሆኖ አንዱ ልጣፊ ተላቆብኛል።

ሌላው የድሬ ፀሐይ ነው። ብስክሌቴ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ነው የሚያድረው። በአራተኛው ወር ጎማውን ሳወዛውዘው የፈሳሽ ድምፅ የለም። ቀድጄ ሳየው እንደ አይብ ረግቶ አንድ ቦታ ተጣብቋል። ቫልቩንም ደፍኖት ስለነበር ልቡን አውጥቼ በመርፌ ጠረግኩት። ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል እዚያ የሚነዱ ምናልባት ረዘም ያለ ጊዜ ያገኙበት ይሆናል። እዚህ ግን ሦስት ወር ሲሞላው መጨመር ነው። ጎማው ተንፍሶ እንዲከርምም አትተዉት፣ ውስጥ ለውስጥ ይጣበቃል።

ቲፒዩ የሚባለውን ፕላስቲክ መሰል ከመነዳሪ የምትጠቀሙ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ። ፈሳሽ አታስገቡ የሚሉ አምራቾች አሉ።

እኔ ደንገጎን እስከወጣሁ ድረስ አልተወውም። ሴላው (መቀመጫው) ስር ባለችው ቦርሳ ግን ፈሳሽ ያልነካው አንድ ከመነዳሪ ሁልጊዜ አለ። የቀረችው ጠርሙስ ከውሃው እንስራ ጎን፣ ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛው ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ለመስከረም ናት።