«ኔትወርክ የለም» ሲባል ጥፋቱ የማን ነው? ማይክሮቲክ ሄክስ ራውተርን በተመለከተ

ለትንሽ ቢሮ ምን ራውተር ልግዛ የሚለኝ ሰው ስለበዛ ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ከምመልስ አንዴ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። የኔ ምርጫ ማይክሮቲክ ሄክስ ናት፣ ሞዴሏ አርቢ 750 ጂአር 3። መዳፍ የምታክል ነጭ ሳጥን ናት፣ አንቴና የላትም፣ ዋይፋይም የላትም፣ 5 የኬብል ፖርት ብቻ፣ ስታዩዋት ለዚች ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ብር ማለታችሁ አይቀርም። ማይክሮቲክ በ1996 በፈረንጅ ሪጋ፣ ላትቪያ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። የኔትወርክ ሥራ የሚሠሩ ልጆች በደንብ ያውቁታል፣ ሌላው ሰው ግን ስሙንም ላይሰማው ይችላል፣ ያው ሱቅ ሲገባ ዓይን የሚስበው አንቴናው የበዛው ራውተር ነው።

ፍጥነቷን ብዬ አይደለም የምመክራት። ባለ ሁለት ኮር 880 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ራም አላት፣ አምስቱም ፖርት ጊጋቢት ነው፣ ለአስራ ምናምን ኮምፒውተር ከበቂ በላይ ነው፣ ግን እውነቱን ለመናገር የብዙ ቢሮ መስመር የትኛውም ርካሽ ራውተር የሚሸከመው ነው። የምመክራት ነገር ሲቆም የት ጋ እንደቆመ ስለምትናገር ነው። በየቢሮው የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፣ ኢንተርኔት የለም ሲባል ሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አጥፍታ ታበራለች፣ አንዱ ሞደሙን ነቅሎ ይሰካል፣ ሥራ አስኪያጁ የኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ይደውላል፣ አቅራቢው መስመራችን ደህና ነው ችግሩ ከናንተ ውስጥ ነው ይላል፣ የአይቲው ልጅ ደግሞ ኧረ ከነሱ ነው ይላል፣ ግማሽ ቀን በዚሁ ያልቃል። ማንም ማስረጃ የለውም።

ሄክስ ላይ ይሄን የሚጨርሰው ኔትዎች የምትባል ቀላል ነገር ናት። ሁለት አድራሻ ትሰጧታላችሁ፣ አንዱ የሞደማችሁ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻው) ሌላው 8.8.8.8 (ውጭ ያለ የጉግል አድራሻ)፣ በየ10 ሰከንዱ ፒንግ እያደረገች፣ ማለትም አለህ ወይ እያለች፣ ስትጠብቅ ትውላለች። ዳውን በሚለው ትር ውስጥ ሎግ (የራውተሯ መዝገብ) ላይ የምትጽፍ አንዲት መስመር ታስገባላችሁ፣ አፕ በሚለውም እንደዚሁ፣ አለቀ። ከዛ ሞደሙ እየመለሰ 8.8.8.8 ከጠፋ ችግሩ ከሞደሙ ወዲያ ነው፣ ሞደሙም ከጠፋ ወይ ኬብል ነው ወይ አንድ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ ስልኩን ቻርጅ እያደረገ ነው (አትሳቁ፣ በጣም ይከሰታል)፣ 8.8.8.8 እየመለሰ ድረ ገጽ አልከፍት ካለ ደግሞ ዲኤንኤስ ነው (የድረ ገጽ ስም ወደ አይፒ የሚቀይረው)፣ እሱን ቀይሩት። አቅራቢው ጋ ስትደውሉ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ12 ጀምሮ ሞደሙ አለ፣ ወደ ውጭ ግን አያልፍም» ስትሏቸው ሞደሙን ሪስታርት አድርጉት የምትለዋን ቶሎ ይዘሏታል።

በጣም የወደድኳት ግን አንድ የምከታተለው አስመጪ ቢሮ ውስጥ በሆነው ነገር ነው። ጠዋት ደወሉ፣ ግማሹ ኮምፒውተር ኢንተርኔት አለው ግማሹ የለውም፣ ፕሪንተሩ ኦፍላይን ይላል፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ አልከፍት ብሏል፣ የድርጅቱ ሒሳብ ሰርቨሩ ላይ ሼር ተደርጎ ነው የሚሠሩበት፣ የወር መጨረሻ ስለሆነ ሒሳብ ክፍል ሰው ሊበላ ደርሷል። ሁሉም ቫይረስ ነው ብለው ወስነዋል። አንዷ የተበላሸ ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል ስል አድራሻው 192.168.1 ብሎ ይጀምራል፣ የቢሮው ኔትወርክ ግን 192.168.88 ነው። ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለው መስመር ላይ 192.168.1.1 ተጽፏል። ማለትም ቢሮው ውስጥ አይፒ የሚያድል ሁለተኛ ዕቃ አለ፣ ጠዋት ያበሩት ኮምፒውተሮች ማን ቀድሞ መለሰላቸው እንደሆነ ከሱ እየወሰዱ ነው፣ ማታ ሳይጠፉ ያደሩት ደግሞ የድሮ አድራሻቸው ገና ጊዜው ስላላለቀ እንደያዙት ናቸው፣ ግማሽ በግማሽ የሆነው በዚህ ነው። ሰርቨሩ በቋሚ አድራሻ 88 ላይ ስላለ ከ1 ሆኖ አይታይም፣ ፒችትሪም የኩባንያውን ፋይል አላገኘሁም ቢል አይፈረድበትም።

ሌላ ራውተር ቢሆን አሁን የሚቀረው ቢሮውን ክፍል በክፍል እየዞሩ ኬብል መንቀል ነው። ሄክስ ላይ አይፒ፣ ከዛ ዲኤችሲፒ ሰርቨር፣ ከዛ አለርትስ የሚል ትር አለ፣ ብሪጁን (ፖርቶቹን አንድ ላይ የሚያያይዘውን) መርጬ አስነሳሁት፣ ትንሽ ቆይቶ ሎጉ ላይ የማይታወቅ ዲኤችሲፒ ሰርቨር ተገኘ ብሎ ከነማክ አድራሻው (የዕቃው መለያ ቁጥር) አወጣው። ያንን ማክ ይዤ ብሪጅ ውስጥ ሆስትስ የሚለው ዝርዝር ላይ ስፈልገው ኤተር 4 ይላል፣ 4ኛው ፖርት ማለት ነው። ኤተር 4 ላይ የተሰካው ኬብል ወደ ታች ስቶር ነው የሚወርደው። ስወርድ ካርቶን ጀርባ መሬት ላይ አንድ አሮጌ የቤት ራውተር፣ ኬብሉ ዋን (ኢንተርኔት የሚገባበት ፖርት) ላይ መሰካት ሲገባው ላን (የውስጥ ኮምፒውተሮች ፖርት) ላይ ተሰክቶ፣ አረንጓዴ መብራቱን እያብለጨለጨ ተቀምጧል። የስቶር ልጆቹ «ዋይፋይ እዚህ ስለማይደርሰን ከቤት አምጥተን ነው» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ አይደርሳቸውም ነበር። ራውተሩን አልወሰድኩባቸውም፣ ዲኤችሲፒውን አጥፍቼ የራሱን አይፒ ወደ 192.168.88.2 ቀይሬ እዛው ላን ላይ ተውኩት፣ አሁን ዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ ሆኖ ይሠራል። ለፕሪንተሩ ደግሞ ዲኤችሲፒ ሊዝ ዝርዝር (የታደሉት አድራሻዎች) ውስጥ ሜክ ስታቲክ የምትለውን ነካኋት፣ ከዛ በኋላ አድራሻው አይቀያየርም።

ይሄ እንግዲህ ዋናው ነው። ሌላም አለ፣ ቶርች የሚባለው መስመሩን ማን እየበላው እንደሆነ በአይፒ ዘርዝሮ በዛው ቅጽበት ያሳያል፣ ኢንተርኔት ቀሰስ አለ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወይ የሆነ ኮምፒውተር ዊንዶውስ አፕዴት እያወረደ ነው ወይ አንዱ ፊልም እየጎተተ ነው፣ ሲምፕል ኪው ላይ ለዛ አይፒ ገደብ ታበጁለታላችሁ፣ ጸብ አያስፈልግም። ኬብልም ያጋልጣል። የፖርቱን ስታተስ ስታዩ ሬት 1 ጊጋ ማለት ሲገባው 100 ሜጋ ካለ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ውስጥ አንድ ሽቦ አልነካም ማለት ነው፣ ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፣ 100 ሜጋ ግን በሁለት ጥንድ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሥራው አይቆምም ግን ከሰርቨሩ ፋይል መክፈት ዕድሜ ልክ ይፈጃል፣ ሰውም ሰርቨሩን ይራገማል። ጃኩን ቆርጣችሁ እንደገና ምቱት፣ ካልሆነ ኬብሉን ቀይሩት፣ በተለይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም የሆነውን ርካሹን ኬብል ባትገዙት ጥሩ ነው። ስዊች ላይ ሁለቱን ጫፍ የሰካ ሰው ካለም (ማጽዳት ሲደረግ የተነቀለ ኬብል ያገኘ ሰው ባዶ ፖርት ላይ መሰካት ይወዳል) ሎጉ ላይ «ፕሮባብሊ ሉፕ» የሚል ነገር ይመጣል፣ ከየትኛው ፖርት እንደመጣም ይጽፋል።

መብራት። ይሄን ማንም ሪቪው ላይ አይጽፈውም፣ ለኛ ግን ዋናው ነገር ነው። ሄክስ ከ8 እስከ 30 ቮልት ዲሲ ትቀበላለች፣ ብቻዋን ስትሠራ ደግሞ 5 ዋት ገደማ ብትወስድ ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ ውስጥ ያለችው ዓይነት ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ባትሪ ላይ በቀጥታ ልትሰካ ትችላለች፣ በስሌት 84 ዋት አወር ነው፣ ባትሪው አሮጌ ባይሆን ቀኑን ሊያውላት ይችላል፣ ባትሪው ቻርጅ ላይ እያለ ወደ 14 ቮልት ቢጠጋም ግድ የላትም። ሲስተም ውስጥ ሄልዝ የሚለው ላይ የሚገባውን ቮልት ታሳያለች፣ ባትሪው እየወረደ እንደሆነ ከወንበራችሁ ሳትነሱ ታያላችሁ። የመሰኪያውን ፕላስና ማይነስ የሚያውቅ ሰው ያሰራላችሁ ግን፣ ፊውዝም ይግባበት። ሞደማችሁም መብራት እንደሚፈልግ አትርሱ፣ ብዙዎቹ በ12 ቮልት ስለሆነ የሚሠሩት አዳፕተሩ ላይ አንብባችሁ እዛው ባትሪ ላይ ማድረግ ይቻላል።

አሁን የማትወደድበትን ልናገር። አንደኛ ከባድ ናት፣ ዊንቦክስ የሚባለውን ፕሮግራም ስትከፍቱ በግራ በኩል የሚወርደው ዝርዝር ያስደነግጣል፣ ኪዊክ ሴት የሚለው ገጽ መጀመሪያውን ያስጀምራችኋል፣ ከዛ በኋላ ግን አይፒ፣ ብሪጅ፣ ፋየርዎል ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ዩቲዩብ እያየ ኮፒ ሲያደርግ ነው ነገር የሚበላሸው። በበጎ ጎኑ ዊንቦክስ ራውተሯ አይፒ ባይኖራትም እንኳን በማክ አድራሻ ይገባል፣ ደግሞ ሴፍ ሞድ የምትል ቁልፍ አለች፣ እሷን ተጭናችሁ እየሠራችሁ ራሳችሁን ከውጭ ከቆለፋችሁ ራውተሯ የነካካችሁትን ትመልሰዋለች። እባካችሁ ሁልጊዜ ተጫኗት።

ሁለተኛ ሎጉ ሚሞሪ ላይ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ያ ሁሉ ማስረጃ ያልኳችሁ ማለት ነው፣ በጣም ያናድዳል። መፍትሔው ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ማስገቢያዋ ላይ ትንሽ ካርድ አድርጎ ሎጉ ወደዛ እንዲጻፍ ማድረግ ነው፣ ውስጧ ያለው ማከማቻ 16 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ እሱ ላይ አታስጽፉ። ሰዓት የሚይዝ ባትሪም የላትም፣ ሰዓቷን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ኤንቲፒ ክላየንት ካላበራችሁ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቷ ይዛባና ሎጉ ላይ የምታነቡት ቀን ትርጉም አይኖረውም።

ሦስተኛ ሴኪዩሪቲ። በ2018 በፈረንጅ ዊንቦክስ ላይ ክፍተት ተገኝቶ ኩባንያው በሚያዝያው ማስተካከያ አውጥቶ ነበር፣ ያላደሱት ግን ከወራት በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ራውተሮች ተጠልፈው የክሪፕቶ ማዕድን ማውጫ ስክሪፕት ማሰራጫ ሆነዋል። ስለዚህ ገዝታችሁ እንደሰካችሁ ፓስወርድ፣ ከዛ ፓኬጅስ ውስጥ ገብታችሁ አፕዴት፣ ከዛ ዊንቦክስና ዌቡ ከኢንተርኔት በኩል እንዳይከፈት ዝጉት። አብሯት የሚመጣው ፋየርዎል ይሄን ይዘጋዋል፣ ችግሩ አንዳንድ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን አጥፍቶ ከባዶ መጀመር ነው።

ለቤት ከሆነ አትግዟት። ለቤት ዋይፋይ ያለው ነው የሚሻለው፣ ማይክሮቲክ ከፈለጋችሁ ሃፕ ኤኤክስ 2 አለላችሁ፣ ካልሆነም ተራው ይበቃል። ከ5 ኮምፒውተር በላይ ያለው፣ ሰርቨር ወይም ካሜራ ያለው፣ ወይም ሲቆምበት ብር የሚያጣ ቢሮ ግን ይግዛት። ክሊኒክ፣ ማተሚያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ኢንተርኔት ቤት፣ እንደዚህ ያሉት።

ዋጋ ስንት ነው ለምትሉኝ ኩባንያው ያወጣው ዋጋ 60 ዶላር አካባቢ ነው፣ እዚህ ግን ብር በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዛሬ የምጽፈው ነገ ስለሚቀየር ቁጥር አልጽፍም፣ መገናኛም ቦሌም መርካቶም ጠይቁ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ2024 በፈረንጅ በዚሁ በሄክስ ስም አዲስ ሞዴል ወጥቷል፣ ራሙ እጥፍ ነው፣ 512፣ ስለዚህ ሻጩ ሄክስ ነው ሲላችሁ ሥሯ የተለጠፈውን ኮድ አንብቡ፣ ባትሪ ላይ ልታደርጓት ካሰባችሁ የሚገባውንም ቮልት እዛው እዩት። ያገለገለ ከሆነ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ በ192.168.88.1 ወይ በዊንቦክስ ግቡ፣ የድሮ ባለቤት ስምና ሴቲንግ ካለባት ሪሴት አስደርጓት፣ አምስቱንም ፖርት በአንድ ኬብል እያዟዟራችሁ መብራት መውጣቱን እዩ፣ መብረቅ የመታው ዕቃ ፖርቱ አንዱ የሞተ ሆኖ ይሸጣል። አዳፕተሯ ኦሪጅናል ካልሆነ ዋጋ አስቀንሱ፣ ፓስወርዱም የራሷ ሥር ላይ ከሆነ የተለጠፈው ሳትወጡ ፎቶ አንሱት።