ላምፕስ፦ ነፃ፣ ጎበዝ፣ ግን ሙቀቱን የሚደብቅባችሁ ፕሮግራም

ከዋጋው ልጀምር። ነፃ ነው። ላምፕስ ከአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የወጣ የሞለኪውል ሲሙሌሽን (እንቅስቃሴያቸውን በኮምፒውተር የማስመሰል) ፕሮግራም ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ክራክ ፍለጋ መንከራተት የለም። እኔ የምጠቀምበት የፖሊመር ሰንሰለቶች (ጎማና ፕላስቲክ ውስጥ ያሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች) ሲሳቡ እንዴት እንደሚሰለፉ፣ ክሪስታል (በሥርዓት የተደረደረ መዋቅር) እንደሚሠሩና እንደሚሞቁ ለማየት ስለሆነ የምናገረውም ስለዚሁ ብቻ ነው።

ነገሩ አዲስ ከሆነባችሁ ወፈር ያለ ላስቲክ ከንፈራችሁ ላይ አድርጉና በአንዴ ለጥጡት። ይሞቃል። ለጥጣችሁ ትንሽ ቆዩና ልቀቁት፣ ይቀዘቅዛል። እንግሊዛዊው ጆን ጎፍ እ.ኤ.አ. በ1805 ይህንን ሲጽፍ የተጠቀመው የራሱን ከንፈር ነበር፤ ሰውየው ዓይነ ስውር ነበር። የተፈጥሮ ጎማ ደግሞ የርዝመቱን 4 እጥፍ ገደማ ሲሳብ ክሪስታል መሥራት ይጀምራል፣ ያኔ ተጨማሪ ሙቀት ይለቃል።

ላምፕስ ላይ መሳቡ ቀላል ነው። ፊክስ ዲፎርም የሚባል አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ ሞለኪውሎቹ ያሉበት ሳጥን በአንድ በኩል ይረዝማል። ጎኖቹ አብረው እንዲጠቡ ቮልዩም የሚለውን አማራጭ መጨመር አትርሱ፣ አለዚያ እየሳባችሁት ሳይሆን እየነፋችሁት ነው።

ጉዱ ያለው የሙቀት መጠኑን አንድ ልክ ላይ የሚያቆየው ትእዛዝ፣ ቴርሞስታቱ ላይ ነው። ጀማሪ የሚገለብጠው ፋይል ብዙውን ጊዜ ቴርሞስታት አለበት፣ እሱ ደግሞ የሚወጣውን ሙቀት እግር በእግር እየተከተለ ይጠርገዋል። ግራፉን ስትከፍቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 300 ኬልቪን! ፕሮግራሙ ያዘዛችሁትን ነው የሠራው። ሙቀቱን ማየት ከፈለጋችሁ ቴርሞስታቱን አውጡና በኤንቪኢ (ሙቀት ከውጭ በማይገባበትና በማይወጣበት አሠራር) ሳቡ፣ ወይም ቴርሞስታቱ የወሰደውን ጉልበት አስመዝግቡ፤ ላምፕስ ቁጥሩን ይሰጣል። ኤንቪኢ ላይ የምታዩት ሁሉ ግን የክሪስታል ሙቀት እንዳይመስላችሁ። በሲሙሌሽን ብዙ እጥፍ የምንስበው በናኖሰከንዶች ውስጥ ነው፣ እጃችን ግን ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚወጣው ሙቀት ሁሉን ይውጠዋል፣ ክሪስታሉም ለመወለድ ጊዜ ያጣል። መልሳችሁ አሳጥሩትና እዩ። የማይመለሰው የሰበቃው ድርሻ ነው።

ሞዴል ስትመርጡም ተጠንቀቁ። ሰንሰለቱን እንደ ተያያዙ ኳሶች የሚያየው የ1990ው (እ.ኤ.አ.) የክሬመር-ግሬስት ሞዴል ፈጣንና ተወዳጅ ነው፣ ግን በተለመደው መልኩ ክሪስታል አይሠራም፤ በኳሱ ስፋት ሲለካ የተያያዙ ኳሶች ርቀት 0.97፣ ያልተያያዙት የሚመቻቸው ደግሞ 1.12 ገደማ ስለሆነ በሥርዓት መደርደር እምቢ ይላል። ክሪስታል ካሻችሁ ካርቦኑን ከነሃይድሮጅኖቹ እንደ አንድ ኳስ የሚቆጥረውን የፖሊኤትሊን ሞዴል ውሰዱ። ይዘገያል። ቢሆንም ይሠራል።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለምትሠሩ፣ ሪስታርት ፋይል ቶሎ ቶሎ እንዲጽፍ እዘዙት። ይህን ነገሩን እወድለታለሁ፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

መመሪያው ረጅምና የተሟላ ነው፣ ለጀማሪ ግን አይራራም፤ የስህተት መልእክቶቹም አንዳንዴ ቅኔ ናቸው። ምስል ለማየት ኦቪቶ ጨምሩበት፣ መሠረታዊው ነፃ ነው። ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ያስቀነሰችው የትኛው ሰንሰለት ክሪስታል ውስጥ እንደገባ ለመለየት የራሴን የፓይተን ኮድ መጻፍ ስላለብኝ ነው።