ለጥንድ ቴኒስ ብዬ የተመዘገብኩበት ስትሪሚንግ፦ ያዋጣል አያዋጣም?

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። የነጠላ ጨዋታ ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ የቴኒስ ስትሪሚንግ አገልግሎት እንከን አይወጣለትም ማለት ይቻላል። እንደኔ የሴቶች ጥንድ ጨዋታ ሱስ ያለባችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገንዘባችሁን አይበላም፤ ትዕግስታችሁን ግን ይበላል። ስሙን ልለፈው፣ ጉዳዬ ከአሠራሩ ጋር ነው።

እንዲህ ዓይነት አገልግሎት ለመፈተን ጥሩው ዘዴ የአንድን ተጫዋች ሙሉ ጉዞ በእሱ ላይ ለመከታተል መሞከር ነው። እኔ የመረጥኩት ቼካዊቷን ካተሪና ሲኒያኮቫን ነው። ለምን እሷን? አንደኛ፣ በጥንድ ከእሷ በላይ በዚህ ዘመን ማን አለ? ሁለተኛ ደግሞ አጋሮቿ የተለያዩ ስለሆኑ አንድ አገልግሎት ጥንድ ጨዋታን በትክክል ይዞታል ወይስ አልያዘውም የሚለውን በእሷ በኩል ወዲያው ታውቃላችሁ።

ታሪኳን ባጭሩ ላስታውሳችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እሷና ባርቦራ ክሬይቺኮቫ ገና ታዳጊ እያሉ በ2013 የፈረንሳይ ኦፕንን፣ የዊምብልደንንና የዩኤስ ኦፕንን የታዳጊዎች ጥንድ ዋንጫ በአንድ ዓመት ጠራርገው ወሰዱ። ከትልልቆቹ ጋር ሲቀላቀሉም ወኔያቸው አልበረደም። በ2018 ሮላን ጋሮስን (የፈረንሳይ ኦፕን ሌላ ስሙ ነው) እና ዊምብልደንን በተከታታይ አነሱና በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አብረው የዓለም ቁጥር አንድ ሆኑ። 2021 ላይ እንደገና ሮላን ጋሮስ፣ ከዚያ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ፣ ከዚያ የዓመቱ ማጠቃለያ ውድድር። 2022 ላይ አውስትራሊያ ኦፕን፣ ዊምብልደንና ዩኤስ ኦፕን። 2023 ላይ ደግሞ አውስትራሊያ ኦፕንን ደገሙት። ሰባት ግራንድ ስላም (አራቱ የቴኒስ ታላላቅ ውድድሮች እንዲህ ይባላሉ)፣ ያውም በአንድ አጋር።

ከዚያ ተለያዩ። ብዙ ሰው "አበቃላት" ያለው ያኔ ነው። እሷ ግን በ2024 ከኮኮ ጎፍ ጋር፣ ከዚያ በፊት አብረው ተጫውተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ ሮላን ጋሮስን በፍጻሜው ሳራ ኤራኒንና ጃስሚን ፓኦሊኒን አሸንፈው ወሰዱ። ትንሽ ቆይታ ከቴይለር ታውንሰንድ ጋር ዊምብልደንን አነሳች። በዚያው ክረምት ፓሪስ ላይ ከቶማስ ማካች ጋር በድብልቅ ጥንድ (ወንድና ሴት አብረው የሚጫወቱበት) የኦሊምፒክ ወርቅ። በ2025 አውስትራሊያ ኦፕን ላይ እንደገና ከታውንሰንድ ጋር 10ኛው የሴቶች ጥንድ ግራንድ ስላሟ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ዊምብልደን ላይም ከሴም ቨርቤክ ጋር የድብልቅ ጥንዱን ጨመረችበት።

አሁን ይህችን ሴት በአፑ ፈልጓት። ስሟን ስትጽፉ መጀመሪያ የሚመጣው ምን መሰላችሁ? በነጠላ የተሸነፈቻቸው ጨዋታዎች! ዝቅ ስትሉ ሌላ ነጠላ፣ ሌላ ሽንፈት። ጥንድ ጨዋታዎቹ የተቀመጡት በተጫዋች ሳይሆን በቡድን ስም ነው፣ ያውም ከሁለቱ የአንዷ ስም ብቻ ነው ለፍለጋ የሚሠራው። ከታውንሰንድ ጋር የተጫወተችውን ለማግኘት "ታውንሰንድ" ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ። ይህ ተራ የፍለጋ ችግር አይደለም። አገልግሎቱን የሠሩት ሰዎች የጥንድ ተጫዋች ሥራ ምን እንደሚመስል እንዳልገባቸው ነው የሚያሳየው። የጥንድ ደረጃ እኮ የግል ነው። አንድ ቡድን ዋንጫ ሲያነሳ እያንዳንዷ ሙሉ ነጥቡን ለራሷ ትይዛለች፣ አጋር ስትቀይርም ነጥቧ ከእሷ ጋር ይሄዳል። ሲኒያኮቫ ከክሬይቺኮቫ ስትለይ ከዜሮ ያልጀመረችው ለዚህ ነው። አፑ ግን አጋር በቀየረች ቁጥር አዲስ ሰው የተወለደ ያህል አዲስ ገጽ ይከፍትላታል።

ሌላው ጉድለት የእነሱ ጥፋት ብቻ አይደለም። ሴቶቹ በየሳምንቱ የሚዞሩባቸው የቱር ውድድሮች አንድ ጥቅል ናቸው፣ አራቱ ግራንድ ስላሞች ግን የማሰራጫ መብታቸውን እያንዳንዳቸው ለብቻ ይሸጣሉ፣ ኦሊምፒኩም የራሱ ነው። ስለዚህ እዚህ ቀጥታ የምታገኙት የቱሩን ነው፤ የግራንድ ስላም ነገር የጥቂት ደቂቃ ቅንብር ብቻ፣ ኦሊምፒክ ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ለሌላ ተጫዋች ይህ ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል። ትልልቅ ድሎቿ አብዛኞቹ እዚያ ለሆኑት ለሲኒያኮቫ ግን ሠርግ ተጠርቶ ሙሽራዋን ሳያዩ እንደመመለስ ነው።

ቅንብሮቹ ላይ ደግሞ ከባድ ቂም አለኝ። የ2022ቱን የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ውሰዱ። ሲኒያኮቫና ክሬይቺኮቫ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 3 ተሸንፈው፣ ሁለተኛውን 4 ለ 1 እየተመሩ ነበር። ተጋጣሚዎቹ ኬቲ ማክናሊና ይህችው ታውንሰንድ ናቸው፣ በኋላ አጋሯ የሆነችው። ከዚያ ጉድጓድ ወጥተው 7 ለ 5፣ 6 ለ 1 አሸነፉ፤ አራቱንም ግራንድ ስላሞች የሞሉትም በዚህ ድል ነው። ቅንብሩ ላይ ግን ጨዋታው እንዴት እንደተገለበጠ አታዩም። የምታዩት ስማሽ (ከላይ ወደ ታች በኃይል የሚመታ ኳስ)፣ ስማሽ፣ እቅፍ፣ ዋንጫ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በጥንድ ጨዋታ ነጥቡን የሠራችው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የመታችው አይደለችም። አንዷ ሰርቭ (ነጥቡን የሚጀምረውን ምት) ተቀብላ ኳሱን ዝቅ አድርጋ ወደ ሮጣ የምትመጣው ሰርቨር እግር ሥር ትሰዳለች። ሰርቨሯ ከመሬት ጠርጋ ከማንሳት ሌላ ምርጫ የላትም። ያ የተነሳ ኳስ ነው መረቡ ላይ ለቆመችው ለሁለተኛዋ የሚደርሳት፣ እሷም ድርግም ታደርገዋለች። ቅንብር ሠሪው ድርግም ያለውን ብቻ ይቆርጥና ያስገባል። ሲኒያኮቫ ደግሞ የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም የምትሠራ ናት፣ ግን ከቅንብር ተነስቶ የሚፈርድ ሰው ፈጣን እጅ ያላት የመረብ ተጫዋች ብቻ ትመስለዋለች።

አሁን ወደ ጥሩው ልምጣ፣ አለና። በቱር ውድድሮች ላይ ጥንድ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ሜዳዎች ይወረወራል። እዚያ ያለው ካሜራ አንድ ነው፣ ከሜዳው ጀርባ ከፍ ብሎ የተተከለ፣ የማይንቀሳቀስ። ተንታኝ የለም፣ ድጋሚ ምስል የለም። ብዙ ሰው በአስተያየት መስጫው ሲያማርርበት አያለሁ። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ጥንድ ማያ የለም ባይ ነኝ! የጥንድ ሜዳ ከነጎኖቹ 10.97 ሜትር ስፋት አለው፣ ከነጠላው በሁለቱም በኩል 1.37 ሜትር ይጨምራል፣ እና አራቱም ሰዎች ሁልጊዜ እየተንቀሳቀሱ ነው። ዋናው ሜዳ ላይ ያለው ዳይሬክተር በሰርቭ መሃል የሰርቨሯን ፊት ያቀርብላችኋል፣ ኳስ ስታነጥር፣ ላብ ስትጠርግ። በዚያች ቅጽበት ያመለጣችሁ ነገር አለ፤ መረቡ ላይ ያለችው አጋሯ እጇን ከጀርባዋ አድርጋ በጣቶቿ ምልክት እየሰጠች ነው። ሰርቩ ወዴት ይሂድ፣ እኔ ወደ ጎን ሮጬ ኳሱን ልቁረጥ ወይስ ባለሁበት ልቁም፣ ሁሉም ነገር ያ እጅ ላይ ነው ያለው። አንዳንዴ ደግሞ መሃል መስመሩ ላይ ቁጢጥ ትላለች፣ ወደ የት እንደምትዘል ተቀባዮቹ እንዳያውቁ። የማይንቀሳቀሰው ካሜራ ይህን ሁሉ አያሳልፍም። ተንታኝ ስለሌለም በነጥብ መሃል የሚያወሩት ይሰማል። ቼክኛ አልችልም፣ ግን ማን ማንን እንደተቆጣች ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም።

ሌላ የወደድኩት "ውጤት ደብቅ" የሚለው ምርጫ ነው። በትክክል ይሠራል፣ ቀጥታ እየተላለፈ ያለውንም ከመጀመሪያው ማየት ትችላላችሁ። የምስሉ ጥራትም ደህና ነው። ማሳወቂያውን ግን አጥፉት፤ ምስሉ ከእውነተኛው ጨዋታ ትንሽ ኋላ ስለሚቀር ማሳወቂያው ቀድሞ "አሸነፉ" ይላችሁና ደስታው ይጠፋል።

የነጥብ ሰሌዳው ጉዳይ ደግሞ አስቂኝ ነው። በቱር ጥንድ ጨዋታ 40 እኩል ሲሆን አድቫንቴጅ የለም፣ በሁለት ነጥብ መብለጥ አያስፈልግም ማለት ነው፤ አንድ ነጥብ ትፈርዳለች፣ ማን እንደሚቀበል የሚመርጡትም ተቀባዮቹ ናቸው። ሦስተኛ ዙርም የለም፣ በምትኩ በሁለት ልዩነት ቀድሞ 10 ነጥብ የገባ የሚያሸንፍበት ታይብሬክ ነው። አፑ ይህን ታይብሬክ በውጤት ሰሌዳው ላይ "1 ለ 0" ብሎ ይጽፈዋል። አዲስ ሰው ያንን አይቶ ጨዋታው በጉዳት የተቋረጠ ቢመስለው አይፈረድበትም። ግራንድ ስላም ላይ የሴቶቹ ጥንድ ሙሉ ሦስተኛ ዙር ስለሚጫወት ውድድር በተቀየረ ቁጥር አጭር ማብራሪያ ቢኖር ምን ነበረበት?

የጨዋታ ሰዓትም እንዲሁ ነው። ጥንድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሱ በፊት ያለው ጨዋታ ሲያልቅ ነው፣ ሲኒያኮቫ ያን ቀን ነጠላም ካላት ደግሞ እረፍቷ ይጠበቃል። አፑ ግን እንደ ባቡር ትኬት ቁርጥ ያለ ሰዓት ጽፎ ያስቀምጣል። ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩላቸው፣ "አስተያየትዎን እናከብራለን" የሚል ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መልስ መጣ። በቃ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። 2024 ዊምብልደን ላይ ክሬይቺኮቫ የነጠላውን፣ ሲኒያኮቫ የጥንዱን ዋንጫ ወሰዱ፣ የድሮ አጋሮች በአንድ ውድድር። ለነጠላዋ 2.7 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለጥንዶቹ 650 ሺህ ፓውንድ፣ እሱም ለሁለት የሚካፈል። የገንዘቡ ልዩነት የአዘጋጆቹ ጉዳይ ነው። አፑ ላይ ግን ስለ ነጠላው ቃለ መጠይቅ፣ ቅንብር፣ ትንታኔ ተደርድሯል፤ ስለ ጥንዱ አንድ አጭር ቪዲዮ፣ እሱም ርዕሱ ላይ የሲኒያኮቫ ስም የለበትም።

ታዲያ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ ካላችሁ፣ ተመዝገቡ፣ ግን በወር በወር ይሁን፣ የዓመቱን አትግዙ። ግራንድ ስላም ያለበትን ወር ዝለሉት፣ ያኔ እዚህ ከቅንብር በቀር ከግራንድ ስላሙ ምንም አታገኙም። ትልልቆቹ የቱር ውድድሮች ሲመጡ ግቡ፣ ከዋናው ሜዳ ይልቅ የጎን ሜዳዎቹን ክፈቱ፣ ስትፈልጉም የሁለቱንም አጋሮች ስም እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ፍለጋውን ያስተካከሉት ቀን ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ፤ ለጊዜው ሦስት ይበቃቸዋል።