ድንቢጥ በሣር ክዳን፣ ዋኔ በግራር ላይ

በኩታበር ገጠር በሚገኘው በእናቴ ግቢ ድንቢጥና ዋኔ ጎጆ ይሠራሉ፤ አሠራራቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። ድንቢጥ የሣር ክዳኑን ጠርዝ ሰርስራ ትገባና ውስጡን በደረቅ ሣርና በዶሮ ላባ ትደለድለዋለች፤ ስለዚህ ዝናብም ሆነ ጭልፊት በቀላሉ አይደርስባትም። ዋኔ በአንጻሩ በግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ጥቂት ጭራሮ ብቻ ታጋድማለች፤ ርብራቡ ከመሳሳቱ የተነሣ ከሥር ቆሜ ቀና ስል 2ቱ ነጫጭ እንቁላሎች በጭራሮው መካከል ይታዩኛል፤ ነፋስ በበረታ ቀን እጅግ ያሳስቡኛል። ሆኖም ወንዱና ሴቷ ተራ በተራ ስለሚታቀፏቸው በ2 ሳምንት ገደማ ይፈለፈላሉ። ቤቱ ቆርቆሮ ሲለብስ ማደሪያዋን የምታጣው ድንቢጥ ናት፤ ስለዚህ ክዳን የሚቀይር ሰው የማድ ቤቱን ሣር ቢተውላት፣ ካልሆነም ጫጩቶቿ እስኪበሩ ቢታገሣት እመርጣለሁ። ለዋኔ ግራሩን አለመቁረጥ ይበቃል።