«የሞገንሰን ሶፋ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዴንማርክና አካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ያገለገለ የቆዳ ሶፋ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ትንሽ ታገሡ። እኔ 16 ሺህ ክሮነር ከፍዬ ነው የተማርሁት።

ማስታወቂያው «የቦርገ ሞገንሰን 2213፣ ባለ ሦስት መቀመጫ፣ ቡናማ ቆዳ» ይላል። ቦርገ ሞገንሰን ታዋቂ የዴንማርክ የቤት ዕቃ ነዳፊ ነው፤ 2213 የሶፋው የሞዴል ቁጥር ነው። ሻጩ ኮፐንሃገን ውስጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ትክክለኛው ሶፋ በአዲስነቱ ከ50 ሺህ ክሮነር በእጅጉ እንደሚበልጥ ስለማውቅ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ በዚያው ቀን ሱቁ ሄጄ ከፍዬ አስጫንሁ። ሰባት ወር ሳይሞላው የመቀመጫው ፊት ይላላጥ ጀመር። የሚነሣው ቅርፊት ፕላስቲክ ነው፤ ከሥሩ ሻካራ፣ አመድማ ነገር ብቅ አለ።

ነጋዴው ዘንድ ሄድሁ። «ቆዳ ነው ብዬ ሸጥሁልህ፤ ቆዳ ነው» አለኝ። ቃሉ ከፊል እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበው። ወፍራም የከብት ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ለሁለት ይሰነጠቃል። ጥንካሬው ያለው በላይኛው ፊት ነው፤ የታችኛው ንጣፍ ግን ፕላስቲክ ይለበጥና የላይኛውን መስሎ ገበያ ይወጣል። ደረሰኜን ሳየው ደግሞ የተጻፈው «ሶፋ፣ ሞገንሰን ሞዴል» ብቻ ነው።

ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞገንሰን የነዳፊው ስም እንጂ የአምራቹ ስም አይደለም። ሶፋውን በ1962 ለራሱ ቤት ነደፈው፤ የሚያመርተው ፍሬደሪሲያ የተባለው የዴንማርክ ፋብሪካ ነው። ነጋዴው የፋብሪካውን ስም በአፉም በጽሑፉም አንድ ጊዜ አላነሣም። እኔም አልጠየቅሁም። እናንተ ጠይቁ፤ መልሱንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። «ሞዴል»፣ «ስልት»፣ «ዓይነት» የሚል ቃል ከስሙ ጎን ካያችሁ ያንን ዋጋ አትክፈሉ።

አጎቴ ቆዳ ሲያለፋ እያየሁ ነው ያደግሁት። የላይኛው የቆዳ ፊት ብዙ ጊዜ ወጥ አይደለም፦ መዥገር የነከሰው፣ እሾህ የጫረው፣ አንገት ላይ የተጨማደደው ሁሉ ይታያል። የእኔ ሶፋ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነበር፤ ያን ቀን በማስታወቂያው ፎቶ ተማምኜ ከመክፈል ይልቅ እዚያው ሱቁ ውስጥ በእጄ ብዳስሰው ኖሮ እለየው ነበር። ጥሩ ቆዳ ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ያብረቀርቃል፤ ሰው ለአሮጌው ሞገንሰን ብዙ የሚከፍለውም ለዚህ ነው። እንደ ቀለም አይላላጥም።

የትራሱን ዚፕ ክፈቱና ውስጡን እዩ። ትክክለኛው በላባ የሚሞላ ነው፤ የእኔው ስፖንጅ ብቻ ነበር። በዚፑ በኩል የቆዳው ጀርባና የተቆረጠው ጠርዝም ይታያል፤ ላዩ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ካለ ጠርዙ ላይ ይለያል። ሶፋውን ገልብጡና የፋብሪካውን ምልክት ፈልጉ። ከሌለ፣ ሻጩ መጀመሪያ የተገዛበትን ደረሰኝ ያሳያችሁ። እውነተኛ ቆዳ ውሃ ይመጥጣልና ጠብታ ውሃ አፍስሱ የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ ብቻ አልተማመንም፣ ምክንያቱም ቀለም የተቀባ ጥሩ ቆዳም ውሃ አያስገባም።

ቅጂ መሥራት ዴንማርክ ውስጥ የተከለከለ ነው። ሞገንሰን የሞተው በ1972 ሲሆን የነዳፊነት መብቱ እስከ 2042 መጨረሻ ይጠበቃል። ብሪታንያ ውስጥ ግን እስከ 2016 ድረስ ቅጂዎች በግልጽ ይሸጡ ስለነበር ዛሬ «ያገለገለ» ተብለው ሊመጡባችሁ ይችላሉ።

ከነጋዴ በኢንተርኔት ከገዛችሁ 14 ቀን ውስጥ መመለስ ትችላላችሁ። እንደ እኔ ሱቅ ገብታችሁ ከገዛችሁ ይህ መብት በሕግ የላችሁም፤ ጉድለት ሲገኝበት ግን የሁለት ዓመት የቅሬታ ጊዜ አላችሁ። ከግለሰብ ስትገዙ ግን የ14 ቀኑ የመመለስ መብት አይሠራም።

እኔ ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ነጋዴው ማስታወቂያውን አጥፍቶታል፤ «2213» የሚለው ቁጥር ያለበትን ገጽ ግን በገዛሁበት ቀን ፎቶ አንሥቼ በስልኬ አስቀምጬው ነበር፣ አሁን በእጄ ያለው ዋናው ማስረጃ እርሱ ነው።