ወፍራም ድምፅና ቀጭን ድምፅ በሽምግልና ፊት

የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት የሚለካው የድምፅ አውታሮች በሰከንድ በሚርገበገቡበት ብዛት ሲሆን፣ የአዋቂ ወንድ በአማካይ 120፣ የሴት ደግሞ 200 ሄርዝ አካባቢ ነው። በመንዝ አንድ ሽማግሌ በዕርቅ ላይ ወፍራም ድምፁን ረጋ አድርጎ «እስቲ ስሙኝ» ሲል፣ ነገሩ ገና ሳይጀመር ጉርምርምታው ይበርዳል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናትም አድማጮች ወንድም ሆነ ሴት ወፍራም ድምፅ ያለውን ተመራጭ እንደሚያስቀድሙ አሳይቷል፤ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸርም በሥልጠና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ቀጭን ድምፅ በአንጻሩ የወጣትነትና የትሕትና ስሜት ያሳድራል፤ ሕፃናትም ከፍ ባለ ድምፅ ሲያናግሯቸው ይበልጥ ያዳምጣሉ።

ለማረጋጋት ከሆነ ወፍራሙን እመርጣለሁ፤ ለፍርድ ግን ሁለቱም ሚዛን ሊሆኑ አይገባም። ድምፀ ቀጭኗ ባለጉዳይ የእርሻዋን ድንበር እስከ ምልክት ድንጋዩ ለይታ ስታስረዳ እንደ ተማጻኝ ብቻ ከታየች ትልቅ በደል ነው፤ ስለዚህ ሽማግሎቹ ከመወሰናቸው በፊት የሁለቱንም ወገን ቃል ከመካከላቸው አንዱ በራሱ አንደበት ደግሞ እንዲናገረው ቢያደርጉ፣ ነገሩ ከድምፁ ተለይቶ ይመዘናል።